ከጎጃም ሆኖ የማስታወቂያ ሞዴል ለመሆን፦ ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ ክፍያው

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ሞዴል መሆን የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ብር ይበደርና ስቱዲዮ ገብቶ ያበደ አልበም ያሠራል። ወይም "መመዝገቢያ" ከፍሎ አዲስ አበባ ይወርዳል። ከዚያ ስልክ መጠበቅ ነው። ስልኩ አይደወልም።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ መልክ አይደለም። የተላከው ፎቶ ሰውየውን አያሳይም። ልኩ አልተጻፈም። ካሜራ ፊት ዕቃ ይዞ መቆም አልተለማመደም። ሥራ ሲገኝ ደግሞ ውል የለም። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ሂዱባቸው፤ አትዝለሉ። እስከ ደረጃ 5 ድረስ ይህ ነው የሚባል ወጪ የለም። በዚህ መሃል ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ሊሸውዳችሁ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ሞዴልነት እንደሆነ ለዩ

የፋሽን ትርኢት ቁመትና ቁመና ይጠይቃል። የማስታወቂያ ሥራ ሌላ ነው። ባንክ የሚፈልገው የቁጠባ ደብተር ይዛ ፈገግ የምትል እናት ነው። የምርጥ ዘር ማስታወቂያ ማሳ መሃል ሲቆም ገበሬ የሚመስል ጎልማሳ ይፈልጋል። ቁመታችሁ 1 ሜትር ከ58 ቢሆን ማንም ጉዳዬ አይልም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ተመልካቹ "ይሄ ሰው ይህን ዕቃ ይገዛል" ብሎ ያምናል?

ወረቀት አውጡና የሚያምርባችሁን ሦስት ሚና ጻፉ። ተማሪ፣ ነርስ፣ ሙሽራ፣ ባለሱቅ፣ አባት፣ ምን ትመስላላችሁ? በደንብ የማያውቃችሁን ሰው ጠይቁ። እናታችሁን አትጠይቁ፤ እናት መልሷ ሁልጊዜ "ሙሽራ" ነው።

ደረጃ 2፦ ልክና ወረቀት

ሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱና ደረት፣ ወገብና ዳሌ በሜትር አስለኩ። ቁመት ጠዋት፣ በባዶ እግር፣ ተረከዝ ግድግዳ ነክቶ ይለካ። የጫማና የሱሪ ቁጥር ጨምሩበት። አትዋሹ። ወገቡን የቀነሰ ሰው ቀረጻ ቀን ዚፑ አልዘጋ ሲለው ይጋለጣል።

ግንባር ላይ የመስቀል ንቅሳት፣ አንገት ላይ ንቅሳት ወይም ጠባሳ ካለ ጻፉት፤ ፎቶውም ላይ ይታይ። ለአንዳንድ ሥራ ያስመርጣል፣ ለአንዳንዱ አይሆንም። የሚያናድደው ቀረጻ ቀን ሲገኝ ነው።

የፋይዳ መታወቂያና በራሳችሁ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይኑራችሁ። ድርጅቶች ሲከፍሉ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ካላችሁ አዘጋጁ። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይፈርምና አብሮ ሳይገኝ ምንም አይጀመር።

ደረጃ 3፦ ፎቶዎቹን በስልክ አንሱ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ለማስታወቂያው ሰው የሚመርጠው ባለሙያ ማየት የሚፈልገው ያልተነካካ ፊትና ቁመና ነው። በስቱዲዮ መብራት ያሸበረቀ ፎቶ ለዚህ አይረዳውም።

*ዝግጅት።* ቀለሙ አንድ የሆነ፣ ጠበብ ያለ ቲሸርትና ጂንስ ልበሱ። ኮፍያ፣ ነጠላ፣ ትልልቅ ጌጥ ይቅር። ሜካፕ የለም። ፊት ታጥቦ ይድረቅ፤ ቅባት አትቀቡ፣ ግንባር ያበራል። ሹሩባ ከተሠራችሁ ችግር የለውም፤ ፀጉራችሁ የተለቀቀ ከሆነ ግን አንዱን ፎቶ ፀጉር ወደ ኋላ ሰብስባችሁ ተነሱ።

*ቦታ።* መስኮት አጠገብ ወይም ጥላ ያለበት በረንዳ ላይ፣ ፊታችሁን ወደ ብርሃኑ አዙራችሁ ቁሙ። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ፀሐይ ደጅ አትነሱ፤ ዓይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ ይሠራል። ክረምት ላይ ደመና ስለሆነ ቀኑ ተበላሸ አትበሉ፤ የደመና ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ለፊት ጥሩ ነው። ግድግዳው ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን። አረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ ከቆማችሁ ቀለሙ ፊታችሁ ላይ ያርፋል። ነጭ ግድግዳ ከሌለ የተተኮሰ አንሶላ ስቀሉ።

*አነሳስ።*

1. ሌንሱን በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለ፤ ፎቶው ጭጋግ የሚመስለው ለዚህ ነው።
2. ቆዳ የሚያለሰልሰውን ማሳመሪያ አጥፉ። ብዙ ስልኮች ላይ ሳትነኩት በርቶ ነው የሚመጣው። ፍላሽም ይጥፋ።
3. ሰልፊ አይሆንም። ሌላ ሰው ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ርቆ፣ 2 እጥፍ አቅርቦ ያንሳ።
4. ለፊት ፎቶ ስልኩ በዓይን ከፍታ ይሁን። ለሙሉ ቁመት አንሺው ዝቅ ብሎ ስልኩን ከሆድ እስከ ደረት ባለው ከፍታ ይያዝ።
5. ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን ነክቶ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ያድርግ።
6. ሰባት ፎቶ አንሱ፦ ፊት ያለ ፈገግታ፣ ፊት ጥርስ በሚያሳይ ፈገግታ፣ ፊት በጎን፣ ከወገብ በላይ፣ ሙሉ ቁመት ከፊት፣ ሙሉ ቁመት በጎን፣ ሁለቱ እጆች ከመዳፍ ጀርባ።

የእጁን ፎቶ ብዙዎች ይንቁታል። የሳሙና፣ የስልክ፣ የቡናና የቀለበት ማስታወቂያ ላይ ግን ከፊት በላይ የሚታየው እጅ ነው።

*ሲበላሽ።* ግድግዳው ነጭ ሆኖ ፊታችሁ ጠቁሮ ከወጣ፣ ስልኩ የለካው ግድግዳውን ነው፤ ቁጥር 5ን ድገሙ። አፍንጫ ከፊቱ በላይ ትልቅ ከሆነ አንሺው በጣም ቀርቧል። እግር ካጠረ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። ፊት ቢጫ ከሆነ የቤቱን አምፖል አጥፉ፤ የመስኮትና የአምፖል ብርሃን አይደባለቁም። ፈገግታው ደረቅ ከሆነ አንሺው "ፈገግ በሉ" ማለቱን ይተውና ወሬ እያስወራ ያንሳ።

ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩ፤ ጥራቱን ይቀንሰዋል። በፋይል መልክ ላኩ። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ፋይሎቹን በአንድ ፎልደር ስልኩ ላይ ያዙ። ኢንተርኔት ላይ ብቻ አታስቀምጡ።

ደረጃ 4፦ ባለ አንድ ገጽ ካርድ

አራት ፎቶ ምረጡና ስም፣ ከተማ፣ ዕድሜ፣ ልክ፣ ስልክ ቁጥርና የምትናገሩትን ቋንቋ ከሥር ጻፉ። በስልክ፣ ካንቫ በሚባለው መተግበሪያ ይሠራል። የቤት አድራሻ አትጻፉ።

ችሎታ የሚለውን ቦታ ባዶ አትተዉ። የአዊ ልጅ ፈረስ መጋለብና አገውኛ መናገር ይጻፍ። የባሕር ዳር ልጅ ብስክሌት፣ ዋና፣ ታንኳ መቅዘፍ ይጻፍ። እስክስታ፣ መኪና መንዳት፣ ጀበና ይዞ ቡና መቅዳት፣ ሁሉም ሥራ ያመጣል። የማትችሉትን ግን እንዳትጽፉ። "እጋልባለሁ" ያለ ሰው ፈረሱ ላይ ሲወጣ በአንድ ደቂቃ ይታወቃል።

ደረጃ 5፦ ዕቃ ይዞ መቆም ተለማመዱ

የታሸገ ውኃ ግዙ። ስልኩን በዓይን ከፍታ መደርደሪያ ላይ አስደግፉና ቪዲዮ ቅረጹ።

1. ጠርሙሱን ከጽሑፉ በታች ያዙት። ጣቶች ከጀርባ ይሁኑ፤ ጽሑፉን አንድ ጣት እንኳ አይሸፍን።
2. ወደ ጉንጭ አጠገብ ከፍ አድርጉት። አገጭን አይሸፍን። ጠርሙሱን ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል አድርጉት፤ የመስኮቱ ብርሃን ጽሑፉ ላይ አያብለጭልጭም።
3. መጀመሪያ ጠርሙሱን እዩ፤ ቀጥሎ ሌንሱን።
4. ጠጡ። ፈገግታው ከጠጣችሁ በኋላ ይምጣ። ጀማሪ ሁሉ ጠርሙሱ አፉ ጋ ሳይደርስ ፈገግ ይላል፤ ያኔ ውሸቱ ይታያል።
5. ይህንኑ በተመሳሳይ እጅ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ድገሙት። ቀረጻ ላይ ዳይሬክተሩ "እንደገና" ማለቱ አይቀርም። በመጀመሪያው ቀኝ እጅ፣ በአምስተኛው ግራ እጅ ከሆነ ቪዲዮው አይገጣጠምም።

ከለመዳችሁት ፍጥነት ቀስ በሉ። ካሜራ ላይ የተቻኮለ እጅ የተደናገጠ ይመስላል።

ውኃው ሲደላደል ወደ ማኪያቶ ብርጭቆ፣ ወደ ስልክ፣ ወደ ሳሙና እለፉ። ከዚያ 15 ሰከንድ የሚፈጅ የማስታወቂያ ጽሑፍ ራሳችሁ ጽፋችሁ አንብቡ። የሬዲዮ ጋዜጠኛን ድምፅ አትቅዱ፤ በገዛ ለዛችሁ አንብቡት።

ለመፈተሽ ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍታችሁ ለአንድ ሰው አሳዩ። "ምን እየተሸጠ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ውኃ" ካለ አልፋችኋል። "አምሮብሃል" ካለ ገና ናችሁ።

የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ብርድ ከንፈርና እጅ ይሰነጥቃል። ማታ ማታ ቫዝሊን ተቀቡ፤ ካሜራ ፊት ስትቆሙ ጥረጉት።

ደረጃ 6፦ ሥራ ከከተማችሁ ፈልጉ

አዲስ አበባ ቆይታ ትድረስ። ከተማችሁ ውስጥ ሐበሻ ቀሚስ ሱቅ፣ የውበት ሳሎን፣ ካፌ፣ ሆቴል፣ ፈርኒቸር ቤት፣ የግል ኮሌጅ አለ። አብዛኞቹ ፎቶ የሚለጥፉት ዕቃው መስቀያ ላይ ተሰቅሎ ነው። የምትሸጡላቸው ይህን ክፍተት ነው።

ጊዜውን ዕወቁ። የቀሚስ ሱቅ ለጥምቀትና ለጥር ሰርግ የሚዘጋጀው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ። ከፋሲካ በኋላ የሚመጣውን የሰርግ ወቅት ጾሙ ሳያልቅ አስቡበት። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሄዳችሁ ብታናግሯቸው ቀና ብሎ የሚያያችሁ የለም።

መልእክቱ አጭርና አክብሮት ያለው ይሁን፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረሙ። ሕይወት እባላለሁ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ቀሚሶቻችሁን በቴሌግራም ገጻችሁ አይቻለሁ። አምስቱን ለብሼ ፎቶ ልነሳላችሁ እችላለሁ። ልኬና ፎቶዬ ከዚህ ጋር አለ። ፈቃድዎ ከሆነ ነገ ጠዋት ሱቅ መጥቼ ላነጋግርዎ?"

ከዚያ በአካል ሂዱ። በገበያ ቀን አትሂዱ። "እናስብበታለን" ካሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ማለታቸው ነው፤ አትከራከሩ። የሚቀጥለው በዓል ሲቃረብ ተመለሱ።

ነጻ ሥራ አንድ ጊዜ ምንም አይደለም፤ ፎቶዎቹን ከወሰዳችሁና ለራሳችሁ ማስተዋወቂያ እንድትጠቀሙ በጽሑፍ ከተፈቀደላችሁ። ሁለተኛው ላይ ዋጋ ጥሩ። ሦስት ጊዜ በነጻ የሠራ ሰው በዚያ ከተማ ዋጋው ዜሮ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 7፦ አዲስ አበባና ማስጠንቀቂያዎቹ

የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሥራ የሚበዛው አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ማርቆስ እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለመመዝገብ ብቻ አትሂዱ። ካርዱንና የደረጃ 5 ቪዲዮ ላኩ። ኦዲሽኑንም (የመምረጫ ፈተናውን) በቪዲዮ መላክ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የምትሄዱት የቀረጻው ቀን ተቆርጦ፣ ትራንስፖርትና አልጋ የሚሸፍን ቀብድ ሒሳባችሁ ውስጥ ሲገባ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ጠይቁ።

ከዚህ አንዱ ከታየ ንግግሩን አቁሙ፦

- ለመመዝገቢያ፣ ለሥልጠና ወይም "እኛ ጋ ብቻ" ለሚነሳ ፎቶ ክፈሉ ሲሉ። ኤጀንሲ፣ ማለትም ሞዴልን ከሥራ የሚያገናኝ ድርጅት፣ የሚበላው ሥራ ካገኘላችሁ በኋላ ከክፍያው ቆርጦ ነው።
- በውስጥ ልብስ ፎቶ ላኩ ሲሉ።
- ማታ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻችሁን ኑ ሲሉ። ኦዲሽን በቀን፣ በቢሮ ወይም በስቱዲዮ ነው። ሁልጊዜ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ "ብቻሽን ነይ" የሚል ሰው መልሱን ራሱ ሰጥቷል።
- "ዱባይ ሞዴል እናደርጋችኋለን" ብለው ፓስፖርት ሲሰበስቡ። ፓስፖርት ለማንም አይሰጥም። ይህ በሰው የመነገድ የታወቀ መንገድ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው። ለፖሊስ አመልክቱ።

ገንዘቡን ከከፈላችሁ በኋላ ከነቃችሁ፣ የቴሌብር ወይም የባንክ ማረጋገጫውንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ስክሪንሾት አንሱ። ይህን ሳታደርጉ ሰውየውን አትሳደቡ፤ አካውንቱን ዘግቶ ይጠፋል።

ደረጃ 8፦ ውል ሳይፈረም ካሜራ አይከፈት

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም። የምትሸጡት ፈቃዳችሁን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ለምን፣ የት፣ እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ።

ሱቁ ትንሽ ቢሆን፣ ባለቤቱ ዘመድ ቢሆንም ጻፉ። ከዘመድ ጋር ሲሆን እንዲያውም የበለጠ ያስፈልጋል፤ በኋላ ገንዘብ ለመጠየቅ ይሉኝታ ይይዛችኋል። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦

"ፎቶዎቹን ሱቁ በቴሌግራምና በፌስቡክ ገጹ ብቻ፣ ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ ለ6 ወር ይጠቀማል። ለቢልቦርድ፣ ለቴሌቪዥን ወይም ለሌላ ድርጅት መስጠት ከፈለገ አዲስ ስምምነትና ተጨማሪ ክፍያ ይኖራል። ግማሹ ክፍያ ቀብድ ነው፤ ቀሪው ፎቶው በተነሳ በ7 ቀን ውስጥ ይከፈላል።"

ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም፣ አንዱ ቅጂ እናንተ ጋ ይቅር።

ዋጋ ስትደራደሩ ሁለት ነገር ለዩ፦ የቀኑን ድካምና የፎቶውን አጠቃቀም። ለቴሌግራም የተነሳ ፎቶና አደባባይ ላይ ለዓመት የሚሰቀል ቢልቦርድ ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ ቀኑ ግን ያው አንድ ቀን ነው። "ሙሉ መብት ለዘላለም" የሚል ካለ ወይ ይሰረዝ ወይ በደንብ ይከፈልበት። "ለተወዳዳሪ አይሠራም" የሚል አንቀጽም ያው ነው፤ የአንድ ባንክ ፊት ከሆናችሁ ሌላው ባንክ አይቀጥራችሁም፣ ያ የቀረባችሁ ሥራ ይታሰብ።

የቢራ ወይም የአረቄ ሥራ ከመጣ የት እንደሚታይ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮልን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ተከልክሏል። "ለቲቪ ነው" ካሏችሁ የሆነ ነገር አልተጣራም።

ደረጃ 9፦ የቀረጻ ቀን

ከአንድ ቀን በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ።

ሰዓቱ፦ "2 ሰዓት" ሲሉ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? በጽሑፍ "ከጠዋቱ" ወይም "ከሰዓት" ይባል።

ጾሙ፦ የምግብ ማስታወቂያ ከሆነ ቀኑ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ ላይ ይውል እንደሆነ እዩ። ዶሮ ወጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ "እጾማለሁ" ማለት ለሁሉም ኪሳራ ነው። ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ወይ ቀኑ ይዛወራል ወይ የጾም ምግብ ይቀርባል።

ቦታው፦ ባሕር ዳር ላይ በ2016 የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ ወይም ገዳማቱን ዳራ ማድረግ ከታሰበ ፈቃድ ማን እንዳወጣ ጠይቁ። ጥበቃ ሲመጣ ካሜራው ብቻ ሳይሆን እናንተም ትያዛላችሁ። ጣና ላይ በጀልባ ከሆነ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ።

ቦርሳችሁ ውስጥ የቆዳ ቀለም ያለው የውስጥ ልብስ፣ ጥቁርና ነጭ ቲሸርት፣ ንጹሕ ጫማ፣ ማበጠሪያ፣ ሶፍት፣ ውኃ፣ ቻርጀርና የውሉ ቅጂ ይኑር። ከቻላችሁ የራሳችሁን ፋውንዴሽን ያዙ። ሜካፕ የሚሠራላችሁ ሰው ከቆዳችሁ የነጣ ቀለም ከቀባ ፊታችሁ አመድ ይመስላል፣ አንገታችሁ ሌላ ሰው ይሆናል። መጀመሪያ መንጋጋ ላይ ትንሽ አስነክታችሁ በመስኮት ብርሃን እዩት። ካልገጠመ "የኔን እንሞክር?" በሉ፤ በቀስታ።

ከባለ ዕቃው ጋር ስለ አቀራረጹ አትማከሩ። መመሪያ የሚሰጠው አንድ ሰው ነው፣ ዳይሬክተሩ። ሁለት ሰው ተቃራኒ ነገር ካዘዛችሁ "የቱን ልሥራ?" ብላችሁ ለሁለቱም ባንድ ላይ ጠይቁ። ውሉ ላይ የሌለ ልብስ ወይም ትዕይንት ከመጣ "ይሄ ውሉ ላይ የለም" ማለት በቂ ነው፤ ማብራሪያ አትጨምሩ።

ደረጃ 10፦ ክፍያው

ቀረጻው ባለቀ ማግስት አመስግናችሁ የክፍያውን ቀን በጽሑፍ አስታውሱ። ቀኑ ካለፈ በማግሥቱ የሒሳብ ቁጥራችሁንና የውሉን ፎቶ ላኩ። ከሳምንት በኋላም ዝም ካሉ በአካል ሂዱ፤ ከምስክሮቹ አንዱ አብሮ ይሂድ። ክፍያው ሲገባ ግብር ተቆርጦ ከሆነ ደረሰኙን ተቀበሉ።

በውሉ የተጻፈው የፎቶ መጠቀሚያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ፎቶው አሁንም እየተለጠፈ ከሆነ፣ ቀኑ የሚታይ ስክሪንሾት አንሱ፤ ቢልቦርድ ከሆነ አካባቢው እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። "ውላችን በዚህ ቀን አልቋል፤ ወይ ይነሳ ወይ እናድስ" በሉ። ብዙ ጊዜ ማደስን ይመርጣሉ፣ ሌላ ሰው ማስነሳት ይበልጥ ያስወጣቸዋል። እምቢ ካሉ ውሉን፣ ስክሪንሾቱንና የተጻጻፋችሁትን ይዛችሁ ሕግ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌላችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የነጻ ሕግ ድጋፍ ይሰጣል።